የተከበሩ ጥሩንባ ነፊ

የሰው እጅ የለመደውን አይረሳም። የካህን እጅ ሳያስበው ያማትባል፤ የነጋዴ እጅ ባዶ ኪስ ውስጥ ገብቶም ይዳብሳል። የእኔ እጅ ደግሞ "እጅ ያውጣ" የሚል ድምፅ ከሰማች እኔን ሳታማክር ወደ ላይ ትሄዳለች። አትፍረዱባት፤ ያደገችው ፓርላማ ነው።

አዎ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ነበርሁ። "ነበርሁ" ስል ድምፄ የተሰበረ መስሏችሁ ከሆነ ጉንፋን ነው፤ የጎንደር ቁስቋም ብርድ አይጣል ነው። ዘመኔ ሲያልቅ ድርጅቴ "ለአዲስ ደም ቦታ ልቀቅ" አለኝ። የእኔ ደም ማርጀቱን የነገረኝ ሐኪም እንኳ አልነበረም። እኔም ልብሴን፣ አንድ የግድግዳ ሰዓትና ከባልደረቦቼ ጋር የተነሣሁትን ትልቅ ፎቶግራፍ ይዤ ጎንደር ገባሁ። ፎቶግራፉ ላይ ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ቁመተ ረጅም ስለሆነ የሚታየው ግንባሬ ብቻ ነው። ባለቤቴ የሺ ግን "ግንባርም ቢሆን ያንተ ነው" ብላ ሳሎን ሰቀለችው።

የሰፈሩ ሰው እንዲህ ባዶዬን መምጣቴን ሊያምን አልቻለም። "ማኪናው መቼ ይደርሳል?" ይሉኛል። "ቪላው የት ተሰጠህ?" ይሉኛል። አንዷ ጎረቤታችንማ ማኪናውን የደበቅሁት መስሏት የከብት በረታችንን በበሩ ቀዳዳ አጮልቃ አየችው። የሚወርዱ ተመራጮች ስለሚያገኙት ጥቅም የወጣውን ሕግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ረቂቁን ከዳር እስከ ዳር ያነበብሁት እሱን ብቻ ነው። ሌሎቹን እግዜር ያንብባቸው። ያም ሕግ እንደ ቅኔ ነው፤ ሰሙ ለሁላችንም ደረሰን፣ ወርቁ ግን ፊት ወንበር ላይ ከተቀመጡት ሳያልፍ ቀረ።

ጡረታዬም ቢሆን ሌላ ጣጣ አለው። ፓርላማ ሳልገባ የጂኦግራፊ መምህር ነበርሁ። ጎንደር ስጠይቅ "ፋይልዎ አዲስ አበባ ነው" ይሉኛል፤ አዲስ አበባ ስጠይቅ "ፋይልዎ ጎንደር ነው" ይሉኛል። እኔ በተመራጭነት ዘመኔ የመረጠኝን ሕዝብ ለማየት ያን ያህል አልተመላለስሁም። ፋይሌ ግን ይመላለሳል፤ እሱን ቢመርጡት ይሻላቸው ነበር።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልሁት አንዲት ቃል ናት፦ "የቀድሞው"። ሠርግ ቤት ስገባ "የቀድሞው የምክር ቤት አባል መጡ" ይባላል። ክርስትና ቤት "ለቀድሞው ወንበር አምጡ" ይባላል። ፒያሳ ጫማዬን የሚጠርግልኝ እንኳ "የቀድሞው፣ ግራውን" ይለኛል። ሰው በቁሙ "የቀድሞው" ከተባለ የቀረው ተዝካሩ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ገና በእግሬ እቆማለሁ፣ ጥርሴም አጥንት ይቆረጥማል። ዕቃ አይደለሁም፣ ጓዳ አልገባም! እያልሁ ከራሴ ጋር ስሟገት ነው እንግዲህ የእድራችን የወር ስብሰባ የደረሰው።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለው የእድሩ ቤት ነው። ሊቀመንበራችን አቶ መኳንንት የቆርቆሮና የምስማር ነጋዴ ናቸው፤ ስልክ ይወዳሉ፣ ረጅም ንግግር ይጠላሉ። የእኛ እድር ደጋፊ አይቆጥርም። ሐሳቡ ይነገርና "የሚቃወም እጅ ያውጣ" ይባላል። ማንም አያወጣም። የእድሩ አንጋፋ የሆኑት መሪጌታ "አሜን" ይላሉ፣ ያልቃል። እኔ ይህን ሥርዓት አላውቅም ነበር። በስብሰባ ላይ ደግሞ ዓይኔን መክደን ልማዴ ነው፤ ለማሰብ ይመቸኛል።

እንደዚያው እያሰብሁ ሳለ ከሩቅ "እጅ ያውጣ" የሚል ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል። ቀና ብል እጄ ከላይ ናት። ብቻዋን ናት። ፓርላማ ሳለሁ እጄ አንድም ቀን ብቻዋን ወጥታ ስለማታውቅ እሷም የደነገጠች መሰለኝ።

"የተከበሩ፣ ይቃወማሉ?" አሉኝ አቶ መኳንንት።

ጤነኛ ሰው ቢሆን "ይቅርታ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው" ብሎ እጁን ያወርዳል። እኔ ግን ዓይኖቹን አየኋቸው። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ዓይን፣ እኔ የምለውን እየጠበቀ! "የቀድሞው" ያለኝ የለም። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቀኝ።

"አዎ! እቃወማለሁ!"

"ምክንያትዎ?"

ይህንን አላሰብሁበትም። እኔ የማውቀው ቤት እጅ ያወጣ ሰው ምክንያት አይጠየቅም። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ በክርኔ ጎሰም አድርጌ "ምንድን ነው የምቃወመው?" አልሁት። እሱም በጆሮዬ ነገረኝ፤ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ አያ ፈንታ ከሥራቸው ይሰናበታሉ፣ ጥሩንባውም ይሰቀልና ከእንግዲህ ሞት የሚነገረው በስልክ መልእክት ይሆናል።

ተነሣሁ። "አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያገለግል ኖሮ፣ ‘ስልክ ገዝተናልና ሂድ’ ይባላል? ነገ የማን ተራ ነው? ጥሩንባ ባትሪ አይጨርስም! ጥሩንባ ኔትወርክ የለም አይልም!" አልሁ። ስለ አያ ፈንታ እየተናገርሁ ስለ ማን እንደምናገር ሳይገባችሁ አልቀረም። ከኋላ በኩል አንድ ሰው "እሱስ እውነት ነው" አለ። በሕይወቴ ከሰማሁት ጭብጨባ ሁሉ ያቺ ጣመችኝ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ የተቃወመ ይሸከም።"

"ምኑን ነው የምሸከመው?" አልሁ።

"ነገሩን ነዋ! እስከሚቀጥለው ስብሰባ። አሮጌው ድንኳን አይጣል ብለው የተቃወሙት ሰውዬ ይኸው እስከ ዛሬ መርፌ ከእጃቸው አልወጣም።"

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት መርፌና ክር ይዘው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። በዚህ እድር ለምን ማንም እንደማይቃወም ያኔ ገባኝ። ፓርላማም ይህ ደንብ ያለ ይመስለኛል፤ ብቻ አልተጻፈም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አያ ፈንታ ቤት ገሰገስሁ። እሳቸው ስብሰባው ላይ አልነበሩም፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በሞቀ የጨው ውኃ ያሻሉ። የምሥራች ነጋሪ መሆን እንዴት ደስ ይላል!

"አያ ፈንታ፣ አንቱን ሊያሰናብቱ ሲሉ ብቻዬን ተነሥቼ ተቃወምሁ። ይኸው ሥራዎን አስመለስሁልዎ!"

ሽማግሌው እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ቀርቶ አዩኝ።

"ምነው ልጄ? ምን በደልሁህ?"

"እንዴት?"

"አሳርፉኝ ብዬ የለመንሁ እኮ እኔ ነኝ! ይህ ጉልበት ዳገት እንቢ ካለ ሰነበተ። የእድር ጥሩንባ ነፊ ጡረታ የሚወጣ ሌላ ሰው ሲነፋለት ነው እያሉኝ ስንቱን ሊቀመንበር ለምኜ፣ የለመንኋቸውንም ነፍቼ ቀበርኋቸው። አሁን አንድ ሸጋ ሰው ተገኝቶ እሺ ቢለኝ፣ አንተ ከአዲስ አበባ መጥተህ እጅህን ታወጣብኛለህ? በል ሂድና መልሳት።"

አስቡት። እኔ ጡረታ አልወጣም ብዬ የምታገል፣ ጡረታ ልውጣ ብሎ የሚለምንን ሰው ከእረፍቱ አስነሣሁት። ፊቴ ጋለ። ግን እጄን መመለስ የሚባለውን ነገር አሰብሁና ሆዴ እንቢ አለ። በሕዝብ ተወካይነት ዘመኔ ሁሉ ከሰው ጋር ያወጣኋትን እጅ ማንም መልሳት አላለኝም። ብቻዋን የወጣች ቀን ልመልሳት? አላደርገውም!

"እጄን አልመልስም። ግን አንቱም ይረፉ። ጥሩንባውን ስጡኝ፣ እኔ እነፋለሁ።"

አያ ፈንታ እስኪያስላቸው ሳቁ። ገብተው ጥሩንባውን አመጡና ጭኔ ላይ አኖሩት። "ጥሩንባ አፍ አይደለም የሚሻ፣ ሆድ ነው። አንድ ነገር ብቻ ያዝ፤ ስሙን አስቀድም። ሰው ከጥሩንባ ቀጥሎ የሰማውን ስም የሟቹ ስም ነው ይላል። ከዚያ ወዲያ የሚሰማህ የለም።"

ራሴን ነቀነቅሁ። በልቤ ግን "እንዴት ያለ መግቢያ የሌለው ንግግር ነው?" አልሁ።

የሺ ጥሩንባውን ስታይ ነጠላዋን አገጯ ላይ ያዘች። "ሰው ከፓርላማ ሲወርድ አምባሳደር ይሆናል። አንተ ጥሩንባ ነፊ?"

"አምባሳደርስ ከላኩት መልእክት ማድረስ አይደል ሥራው?"

"በል እንግዲህ ክቡር አምባሳደር፣ ልምምዱን ከቤት ርቀህ አድርገው።"

ከቤታችን ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ገብቼ ተለማመድሁ። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ቀጥሎ ምራቅ ወጣ። በኋላ አንድ ድምፅ ወጣና የጎረቤት ላም መለሰችልኝ። ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ብቅ ብሎ "የገዛኸው አህያ ታሟል እንዴ?" አለኝ። "አልታመመም፣ ገና ሥራ እየለመደ ነው" አልሁት።

የመጀመሪያ ሥራዬ የእማሆይ ወለተ ማርያም ዕረፍት ሆነ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተጠግታ ባለች ጎጆ ብቻቸውን የሚኖሩ መነኩሴ ነበሩ፤ ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው። ጎሕ ሲቀድ ከመሪጌታ መልእክት ሲደርሰኝ ተነሥቼ ሱፌን ለበስሁ፣ ከረባቴን አሰርሁ፣ ከላይ ጋቢዬን ደረብሁ። ሥራ ሥራ ነው። መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆሜ ነፋሁ። ድምፁ ምስኪን ቢሆንም ወጣ። ከዚያ ደረቴን ነፍቼ፣ ለምክር ቤት እንደሚገባው አድርጌ ጀመርሁ።

"ክቡራትና ክቡራን! በአቶ መኳንንት ሊቀመንበርነት የሚመራው..."

"ወይኔ መኳንንት!" አለች አንዲት ሴት በሯን በርግዳ።

"የለም፣ ገና መግቢያው ላይ ነኝ..."

ማን ይስማኝ! አንዱ በር ሌላውን ቀሰቀሰው። "ምነው! ትናንት ምስማር ሲሸጡልኝ አልነበር!" ይላል አንዱ። "ቢያስወድዱም ሸጋ ሰው ነበሩ!" ትላለች ሌላዋ እያለቀሰች። እኔ እዚያው ቆሜ የእማሆይን ስም፣ የቀብሩን ሰዓት፣ የእድሩን ምስጋና ሁሉ በሥርዓቱ ተናግሬ ጨረስሁ። ሲያልቅ አጠገቤ የቀረ አንድ ውሻ ብቻ ነበር።

ለቀስተኛው ተግተልትሎ ከአቶ መኳንንት ደጅ ደረሰ። ሰውየው መፋቂያ በአፋቸው እንደያዙ በሩን ከፍተው ወጡ። ፊት ለፊት የነበረችው ሴትዮ "በስመ አብ!" ብላ ተዝለፈለፈች። እሳቸው ደግሞ ያን ሁሉ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ሲያዩ ከቤታቸው ሰው የሞተ መስሏቸው አብረው ማልቀስ ጀመሩ። ማን እንደሞተ ሲነገራቸው ነው ያቆሙት።

ግን ወሬው ጥሏቸው ሄዷል። በስልክ አዘዞ ደርሷል፤ ከአዘዞ ሳንጃ፣ እኅታቸው ዘንድ ገብቷል። እኅትየው እያለቀሱ ማኪና መሳፈራቸው ተሰማ። አቶ መኳንንት "ደውዬ አልሞትሁም እላለሁ" ብለው ያን የሚወዱትን ስልክ ሲያወጡ ኔትወርኩ ጠፋ። የሞት ወሬውን እስኪያደርስ ድረስ ደኅና የነበረው ኔትወርክ፣ ለሕይወት ወሬ ሲጠሩት ደከመው። ሰውየው ስልኩን ወደ ሰማይ አነሡት፣ ወደ ግራ አዞሩት፣ አጥር ላይ ወጡ። የለም።

በዚህ ጊዜ ጥሩንባዬን ታቅፌ ስደርስ አዩኝ።

"እርስዎ! ሂዱና ንፉ! አልሞተም በሉ!"

"አቶ መኳንንት፣ የእድር ጥሩንባ ለሕያው ሰው ተነፍቶ አያውቅም። ነገሩ የአሠራር ጥያቄ ያስነሣል።"

"ንፋ አልሁህ!" ከ"እርስዎ" ወደ "አንተ" ሲወርዱ የልብ ልብ ተሰማኝ። ለካስ መደራደር ማለት ይህ ኖሯል!

"እነፋለሁ። የስልኩ ሐሳብ ግን ይቅር።"

"ይቅር! ይውደም! ንፋ!"

ነፋሁ። አያ ፈንታ እንዳሉት ከሆዴ ነፋሁ። ቁስቋም ከነዳገቱ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ይህን ጊዜስ ትምህርቴን አልረሳሁም፤ ስሙን አስቀደምሁ።

"አቶ መኳንንት!"

ያንን ስል፣ የመጀመሪያውን ጥሩንባ ያልሰማው የላይኛው ሰፈር በሞላ "ወይኔ!" ብሎ ተነሣ። "አልሞቱም" የምትለዋን ቃል ለቅሶው ዋጣት። ስለዚህ ገለበጥሁት።

"አልሞቱም! አልሞቱም!"

"እነማን?"

"አቶ መኳንንት!"

"ወይኔ!"

በዚህ መሐል አያ ፈንታ በከዘራ እየተደገፉ ደረሱ። እኔን አዩ፣ ሊቀመንበሩን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አንተ ሰው፣ ሕያው ሰው በጥሩንባ ይነገራል? ሰውየውን ይዘኸው ዙር!"

እንዲህም ሆነ። እኔ በሱፍና በከረባት ጥሩንባ እየነፋሁ፣ አቶ መኳንንት በጋቢ ከጎኔ እየሄዱ፣ አያ ፈንታ ከፊት "ይኸውና! እዩት!" እያሉ ሰፈሩን ዞርን። ሰው ሁሉ አቶ መኳንንትን እየነካ ያረጋግጣል። አንዳንዱ እስኪያማቸው ድረስ ያረጋግጣል። እኛ ወደ ደጃቸው ስንመለስ ከሳንጃ የመጣው ማኪና ደረሰና እኅታቸው ደረታቸውን እየደቁ ወረዱ። ወንድማቸውን ሲያዩ መጀመሪያ አቀፏቸው፣ ቀጥሎ በጃንጥላ መቷቸው።

ሳቁ ሲበርድ አያ ፈንታ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። "እንግዲህ፣ እማሆይ ገና አልተቀበሩም።"

እውነቱን ለመናገር እኔም ረስቼያቸው ነበር።

ያ ሁሉ ሰው፣ ለአቶ መኳንንት የመጣው፣ የአዘዞው፣ የሳንጃው፣ ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ወደ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ሌላ ቀን ቢሆን ለእማሆይ ቀብር የሚወጣው መሪጌታ፣ ጥቂት ካህናትና የጎጆዋ ጎረቤት ብቻ ነበር። ያን ቀን ቅጥሩ አልበቃም። የሳንጃዋ እኅት ፊት ቆመው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። "ያውቋቸዋል?" ብላቸው "አላውቃቸውም። ግን ይዤው የመጣሁትን እንባ ለማን ልመልሰው?" አሉኝ። እዚህ ላይ አልቀልድም። በተመራጭነት ዘመኔ አንድም ቀን ለአንድ ሰው ይህን ያህል ጠቅሜ አላውቅም። በስሕተትም ቢሆን፣ ሆነ እኮ!

ቀጣዩ ስብሰባ ደረሰ። ይህን ጊዜ ዓይኔን አልከደንሁም። አቶ መኳንንት ሰፈሩ እየነካ ያረጋገጠውን ክንዳቸውን እያሻሹ ተነሡ።

"የስልኩ ሐሳብ ቀርቷል። ጥሩንባው ይኑር። አያ ፈንታ ይረፉ፤ ከሥራ ነጻ፣ ከነሙሉ የእድር ክብራቸው። ጥሩንባውን የቀድሞው የምክር ቤት አባል ይያዙት። የሚቃወም እጅ ያውጣ።"

እጄ ወጣች። አሁን ግን የላክኋት እኔ ነኝ።

"ደግሞ ምን ቀረ?" አሉ አቶ መኳንንት በድካም።

"ጥሩንባውን እይዛለሁ። ‘የቀድሞው’ የምትለዋን ግን አልሸከምም። ሥራ ያለው ሰው የቀድሞ አይባልም። ትውጣልኝ!"

መሪጌታ "የተቃወመ ይሸከም" ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጥሩንባውን ከጉያዬ አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ይኸው ተሸክሜያለሁ! ከጥግ በኩል አያ ፈንታ ጉልበታቸውን ዘርግተው፣ ጀርባቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ እጃቸውን ብድግ አደረጉ።

"ካወጣችኋትማ አትጣሏት፣ ወዲህ አቀብሉኝ። እሷን ቃል ለማግኘት ነው እኮ ይህን ሁሉ ዘመን የለመንሁ!"

መሪጌታ "አሜን" አሉ።

ከዚያ ወዲህ በቁስቋም "የቀድሞው" ተብሎ ሲጠራ ደስ ብሏቸው ዞር የሚሉት አያ ፈንታ ናቸው። እኔ ሥራ ላይ ነኝ።